ቆርቆሮው ሲንቋቋ «ሙቀት ሞገድ ፈጠረ» ለሚሉ

ከደብረ ብርሃን እስከ ጣርማ በር፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ጧት፣ ውርጭ ያደረበት ጣሪያ ፀሐይ ሲያርፍበት ቋ! ቋ! ይላል። ይህን ድምፅ «ሙቀት በጠጣር ነገር ውስጥ ሞገድ ሲፈጥር» የሚል ምሳሌ አድርጎ ማስተማር ይብቃ። ምሳሌው የተሳሳተ ነው።

ሞገድ የሚነሳው የሞቀው ክፍል ተረጋግቶ ለመስፋት ጊዜ ሲያጣ ነው። ዙሪያውን ያለው ቀዝቃዛ ክፍል ቶሎ ቦታ አይለቅለትም፤ ስለዚህ ይገፋዋል፤ ግፊቱም በድምፅ ፍጥነት ይሄዳል። እንግዲህ ሁለት ጊዜዎችን ማነጻጸር ነው፦ ሙቀቱ የገባበትን፣ እና ድምፅ የሞቀውን ክፍል ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥበትን። በቆርቆሮ ብረት ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 5,000 ሜትር ያህል ስለሚሄድ የ2 ሜትሩን ቆርቆሮ በ0.4 ሚሊሰከንድ ይጨርሰዋል። የጧት ፀሐይ ግን ደቂቃዎች ትፈጃለች፤ ከመቶ ሺህ እጥፍ በላይ ዘገየች ማለት ነው። በዚህ ፍጥነት ብረቱ ዝም ብሎ ይረዝማል።

ጩኸቱ የሚመጣው ከሚስማሩ ነው። 30 ዲግሪ ሲሞቅ ቆርቆሮው 0.7 ሚሊሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ሚስማርና እንጨት በሰበቃ ይይዙታል፤ ጫናው ሰበቃውን ሲያሸንፍ ድንገት ይንሸራተታል። ያ መንሸራተት ነው ሞገዱን የሚያስነሳው። ድምፁ ያሰለቸው ሰው ደግሞ ሚስማር ይጨምራል፣ ያጠብቃል፤ ይብስበታል። ሚስማሩ በጉብታው ላይ ከጎማ ዋሸር ጋር ይመታ፤ ቀዳዳው ከሚስማሩ 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ይስፋ፤ ጎማው ጥቂት ሲጫን ይቁም።

ስለ ሙቀትና ሞገድ የሚነገሩ ሌሎች ስህተቶችም አሉ። «ምጣድ የሚሰነጠቀው በሙቀት ሞገድ ነው።» አይደለም፤ አንዱ ወገን ግሎ ሌላው ስለቀዘቀዘ ነው። በትንሽ እሳት ጀምሮ ቀስ እያሉ ማጋል ነው መድኃኒቱ።

«ወፍራም ብርጭቆ የፈላ ውኃ ይችላል።» ስሱ ይሻላል።

«ሙቀቱ ራሱ ከሞገዱ ጋር ይጓዛል።» ሞገዱ 1 ሴንቲሜትር ብረት በ1.7 ማይክሮሰከንድ ገደማ ያልፋል፤ ሙቀቱ ሰከንዶች ይፈልጋል።

«ሞገድ እንዲነሳ ብረቱ መቅለጥ አለበት።» በቤተ ሙከራ ብረትን በሌዘር ምት አሙቀው ሞገድ የሚያስነሱ ተማሪዎች ይህን አምነው የሌዘሩን ጉልበት ይጨምሩና ናሙናውን ያበላሻሉ። 10 ናኖሰከንድ የሚቆይ የ2 ሚሊጁል ምት 2 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ቦታ ላይ ይበቃል፤ ድምፅ ያንን ስፋት ለማቋረጥ 340 ናኖሰከንድ ያህል ስለሚፈጅ ምቱ በጣም ይቀድማል። ገጹ ላይ ጠባሳ ከታየ ጉልበቱ በዝቷል። ጨረሩ 1,064 ናኖሜትር ከሆነ በዓይን ስለማይታይ፣ ለዚያው የተሠራ መነጽር ሳያደርጉ አይጀመርም።

ከዚያ «ምልክት የለም» ይባላል። ሞገዱን የሚለካውን ዳሳሽ ከምቱ ትይዩ፣ ከናሙናው ሥር ስለሚያስቀምጡት ነው። የሞቀው ገጽ ወደ ላይ የሚከለክለው ስለሌለ ያብጣል፤ በኃይል የሚገፋው ወደ ጎን ነው፤ ቀጥታ ወደ ታች የሚሄደው ሞገድ ደካማ ነው። ዳሳሹን ወደ ጎን ማራቅ፣ ወይም ምቱ በሚያርፍበት ላይ ስስ የዘይት ሽፋን መቀባት ነው፤ ዘይቱ እብጠቱን ስለሚጫነው የታችኛው ምልክት ይጎላል።