አማራጭ ታሪክ ምንድን ነው? ለምንስ በአለባበስና በጾም ይፈተናል?

«አድዋ ላይ ብንሸነፍ ኖሮስ?» የሚል ጥያቄ ቡና ላይ ያላነሳ የጓደኛሞች ስብስብ ያለ አይመስለኝም። አማራጭ ታሪክ የሚባለው ይኸው ነው። የሆነውን ታሪክ እስከ አንዲት ቀን ድረስ እንዳለ ትወስዳላችሁ። እዚያች ቀን ላይ አንድ ነገር ትቀይራላችሁ። ከዚያ ወዲያ ዓለም ወዴት ይሄድ እንደነበር እየተከተላችሁ ትጓዛላችሁ። ያቺን ቀን እኔ መገንጠያ ነው የምላት፣ መንገዱ ለሁለት የሚከፈለው እሷ ላይ ስለሆነ።

ነገሩ ዛሬ አልተጀመረም። ከ2,000 ዓመት በፊት የሮማው ታሪክ ጸሐፊ ሊቪ፣ ታላቁ እስክንድር ወደ ሮም ዘምቶ ቢሆን ምን ይፈጠር ነበር ብሎ ጽፏል። መልሱ ሮም ታሸንፍ ነበር የሚል ነው።

ብዙ ሰው ግን ሊቪ ያቆመበት ላይ ያቆማል። ማን አሸነፈ፣ ድንበሩ የት ደረሰ፣ ማን ነገሠ። እኔን የሚይዘኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በዚያ ዓለም ሰዉ ጠዋት ተነስቶ ምን ይለብሳል? ሰላምታው እንዴት ነው? ነውር የሚባለው ምንድን ነው? አንድ ሰው የፈጠረው ዓለም እውነት እውነት መሽተቱን ማወቅ ከፈለጋችሁ እነዚህን ጠይቁት። ልብስና ልማድ ውስጥ ንግዱም፣ ሃይማኖቱም፣ ሕጉም፣ ሀፍረቱም አንድ ላይ ተገምደው ነው ያሉት። አንዱን ክር ስትስብ ሌላው ይከተላል።

ከረባትን እንይ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ አውሮፓ በሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ስትታመስ፣ ለፈረንሳይ የሚዋጉ የክሮኤሺያ ወታደሮች ነበሩ። አንገታቸው ላይ ጨርቅ ያስራሉ። ፈረንሳዮቹ አዩት፣ ወደዱት፣ በባለቤቶቹ ስም «ክራቫት» አሉት። ጣልያኖቹ «ክራቫታ» አሉት፣ እኛ ጋ ሲደርስ ከረባት ሆነ። እነዚያ ወታደሮች ለሌላ ንጉሥ ተቀጥረው ቢሆን ኖሮ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ለሥራ ቃለ መጠይቅ የሚሄድ ልጅ አንገቱ ላይ ምን ያስር ነበር? ምናልባት ምንም። ወይም ሌላ ነገር፣ በሌላ ሕዝብ ስም የሚጠራ። የጦርነቱ ውጤት ራሱ ሳይቀየር የአንድ ሻለቃ ቅጥር ብቻ ቢቀየር እንኳ የዓለም ሠርግ ፎቶ በሙሉ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

ወጣችንም እንደዚያው ነው። በርበሬው የሚሠራበት ቃሪያ የመጣው ከአሜሪካ አህጉር ነው። ኮሎምበስ በ1492 እ.ኤ.አ. ባይሻገር፣ ወይም መንገዱ መቶ ዓመት ቢዘገይ፣ ዶሮ ወጡ ቀይ አይሆንም ነበር። በቁንዶ በርበሬ፣ በጥምዝ፣ በዝንጅብልና በኮረሪማ የሚሠራ ሌላ ወጥ ይኖረን ነበር። የፋሲካ ጠዋት ሽታው ሌላ ነው ማለት ነው። ለእኔ ይህ ከካርታ መቀየር ይበልጣል።

አመለካከት ደግሞ ከልብስ የከበደ ነው፣ ግን ሰው እንደሚያስበው ድንጋይ አይደለም። ቱርክን ተመልከቱ። በ1829 እ.ኤ.አ. ሱልጣን ማህሙድ 2ኛ ባለሥልጣናቱ ጥምጣም ትተው ፌዝ የሚባለውን ቀይ ቆብ እንዲያደርጉ አዘዙ። የተቃወመ ብዙ ነበር። መቶ ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በ1925፣ አታቱርክ ፌዙን ከልክለው ባርኔጣ አድርጉ አሉ። በዚህ ጊዜ ደግሞ ሰዉ ለፌዙ ተነሳ፣ የታሰረም የተሰቀለም አለ። አያቶች አዲስ ነው ብለው የጠሉትን ነገር የልጅ ልጆች የአባቶቻችን ነው ብለው ሞቱለት። አማራጭ ዓለም የሚፈጥር ሰው ይህን መርሳት የለበትም። የትኛውም አዲስ ነገር ሦስት ትውልድ ካገኘ «ጥንታዊ ባህል» ይሆናል።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ፣ በጣም የምወደው መገንጠያ እዚህ ነውና። አፄ ሱስንዮስ በ1622 እ.ኤ.አ. ካቶሊክነትን በይፋ ተቀበሉ። በ1625 ፖርቱጋላዊው አልፎንሶ ሜንዴዝ ከሮም የተሾሙ የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ሆነው መጡ። ከዚያ በኋላ የተነካው ቤተ መንግሥቱ ብቻ አልነበረም፣ የየቤቱ ኑሮ ጭምር ነበር። ሰው እንደገና ተጠመቀ፣ ቄሶች እንደገና ተሾሙ፣ ግርዘት ተከለከለ፣ የቅዳሜ ሰንበት ተሻረ፣ በዓሉና ጾሙ በሮም አቆጣጠር ይሁን ተባለ። አገር ተነሳ። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 ሱስንዮስ ሕዝቡ ወደ ቀደመ ሃይማኖቱ እንዲመለስ ፈቀዱ፣ ዙፋኑንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ፋሲለደስም ኢየሱሳውያን የሚባሉትን የካቶሊክ ሚስዮናውያን አስወጡ።

ይሄ ባይሆን ኖሮስ? ሱስንዮስ ቢጸኑ፣ ወይም ሜንዴዝ ትንሽ ለዘብ ያሉ ሰው ቢሆኑና ነገሩ ቀስ እያለ ቢሰርጽስ?

ይህን አንድ ቀን እናታችን ቤት እያወራሁ ነበር። እትዬ የምንላቸው የእናቴ ታላቅ እህት ረከቦቱ ፊት ተቀምጠው ያዳምጣሉ። ስለ ጎንደር፣ ስለ ፖርቱጋሎች፣ ህንድ ውስጥ ስላለው የፖርቱጋሎች ወደብ ስለ ጎዋ ብዙ ዘበዘብኩ። እሳቸው አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። «ታዲያ ረቡዕ ምን ይበላ ነበር?»

እስካሁን ከሰማሁት ሁሉ ምርጡ ጥያቄ ነው። የሮም ሥርዓት ረቡዕን እንደ እኛ አይጾምም። ረቡዕ ቢፈታ ሥጋ ቤቱ ረቡዕም ይሠራል። የሽሮው ድስት ያን ቀን ያርፋል። «ረቡዕና አርብ» እያልን አንድ ላይ የምንጠራቸው ቀናት ይለያያሉ። አሳና ወተትም ቢሆን ክርክራቸው ሌላ ይሆናል።

እንቁጣጣሽን ደግሞ አስቡት። ዘመን መለወጫው ወደ ጥር መግቢያ ቢሄድ ምን ይሆናል? ሜዳው ደርቋል፣ እህሉ አውድማ ላይ ነው፣ አደይ አበባ የለም። ልጆቹ ምን ይዘው በየበሩ ይዞራሉ? እኔ እንደሚመስለኝ ዘፈኑ ከአበባው ጋር መስከረም ላይ ይቀር ነበር። ክረምት ወጥቶ ፀሐይ ስትመጣ የሚሰማው ደስታ የአዋጅ ነገር አይደለምና። ዓመቱ በቄሶቹ መዝገብ ላይ ጥር ይገባል፣ ሴቶቹ ልጆች ግን መስከረም ላይ «አበባየሆሽ» ማለታቸውን አይተዉም።

ልብሱስ? መኳንንቱ ከጎዋ በሚመጣ ሐርና ከፈይ ይሞላሉ ብዬ እገምታለሁ። የገበሬው ሚስት ግን እንዝርቷን አትጥልም። ጥጡ እዚሁ ይበቅላል፣ ሸማኔው እዚሁ ነው። ነጠላው ይኖራል። ነጠላው የሚናገረው ነገር ግን ይቀየር ይሆናል። ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ መስቀለኛ የምታጣፋ ሴት፣ ለቅሶ ቤት ስትገባ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ ትዘቀዝቀዋለች። አፏን ሳትከፍት ወዴት እንደምትሄድ መንገድ ላይ ያየ ሁሉ ያውቃል። አዲስ ሥርዓት ሲመጣ ጨርቁ ሳይሆን ይህ ቋንቋ ነው መጀመሪያ የሚናወጠው። የፊተኛው ሃይማኖት የናፈቃት ሴት በልቧ ያለውን በነጠላዋ አጣጣፍ ትገልጸው ነበር፣ ጎረቤቷም ይገባት ነበር።

አንድ ነገር ግን ጠበቅ አድርጌ ልበል። አማራጭ ታሪክ የተዛባ ታሪክ አይደለም። ከመገንጠያው በፊት ያለው ሁሉ እውነት መሆን አለበት፣ መገንጠያውም «ይህ አልሆነም» ተብሎ በግልጽ መነገር አለበት። ይህን ያልተናገረ ሰው ዝም ብሎ ውሸት ነው የጻፈው። ሳይነገር ሲቀር ደግሞ በታሪክ ምክንያት እየተጣላ ላለ ሕዝብ ጉዳቱ ቀላል አይደለም።

እትዬ ግን አልጨረሱም። ሁለተኛውን ቀድተው «ቡናስ?» አሉኝ። ያኔ እንኳን በሌላው ዓለም፣ በእኛውም ዓለም ቢሆን ክርስቲያኑ ቡናን የእስላም ነው ብሎ ለረጅም ዘመን ሲርቀው እንደኖረ፣ ነገሩ የላላውም በምኒልክ ዘመን፣ 19ኛው ክፍለ ዘመን ሊያልቅ ሲል እንደሆነ ነገርኳቸው። ሲኒውን አስቀመጡና አዩኝ። የረቡዑን ጥሉላት ዝም ብለው ተቀብለውኝ ነበር። ይሄኛውን ግን እስከ ዛሬ አላመኑኝም።