የሚጠብቅ ስክሪን፣ የማይጠብቅ ስክሪን፦ የርቀት ማስጠናት ቴክኖሎጂ

«ፕላዝማ» ሲባል ብዙ ኢትዮጵያዊ ትዝ የሚለው ፊዚክስ አይደለም። ክፍል ፊት ለፊት የቆመው ትልቅ ቴሌቪዥን ነው። በ2004 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ትምህርት ሚኒስቴር ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት ጀመረ። ሒሳቡም፣ ፊዚክሱም፣ ኬሚስትሪውም፣ ባዮሎጂውም በዚያው መጣ። የተቀረጸው ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ቋንቋው እንግሊዝኛ። በብዙ ክልሎች እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲማር የቆየ ልጅ 9ኛ ክፍል ሲገባ የተቀበለው ይህ ስክሪን ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የክፍሉ መምህር ጥቂት ደቂቃ ያስተዋውቃል። ከዚያ የክፍለ ጊዜውን ትልቁን ድርሻ ቴሌቪዥኑ ይወስዳል። መሀል ላይ ጥያቄ ይመጣል፣ ትንሽ ጊዜ ይሰጣል፣ ጊዜው ሲያልቅ መልሱ ይነገራል። ተማሪው ግን ጥያቄውን እንኳ ገልብጦ አልጨረሰም። ስርጭቱ ለሁሉም ትምህርት ቤት በአንድ ጊዜ ስለሚሄድ መምህሩ «ቆይ፣ ይህችን ላስረዳቸው» ብሎ ሊያቆመው አይችልም። መብራት ከጠፋማ ያ ትምህርት አለፈ በቃ። በጊዜው የተጠኑ ጥናቶች ደጋግመው ያነሱት ቅሬታም ይኸው ነው፦ ፍጥነቱ፣ የአነጋገሩ ዘዬ፣ መምህሩ እንደ ተማሪው ተመልካች ሆኖ መቅረቱ።

ሐሳቡን ግን ማጣጣል አይገባም። በቂ መምህር ለሌለው፣ ላቦራቶሪ ላልተሠራለት ትምህርት ቤት ጥሩ የተዘጋጀ ትምህርት ማድረስ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ ስክሪኑ አለመጠበቁ ነበር።

የሚገርመው፣ የፕላዝማ ስክሪን መጀመሪያ የተፈለሰፈው ለማስተማሪያ ነው። ያውም ተማሪን ለሚጠብቅ ማሽን።

ቦታው አሜሪካ፣ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዶናልድ ቢትዘር የሚባል መሐንዲስ በ1960 ፕሌቶ የተባለ በኮምፒውተር የሚያስተምር ሥርዓት ጀመረ። ብዙ ተማሪ በአንድ ኮምፒውተር ላይ እየተጋራ፣ እያንዳንዱ በራሱ ፍጥነት እንዲሄድ ነው የታሰበው። አንድ ችግር ገጠማቸው። የዚያን ዘመን ቴሌቪዥን ምስሉን ይዞ ለመቆየት የኮምፒውተር ማስታወሻ (ሜሞሪ) ይፈልጋል። ማስታወሻ ደግሞ በዚያን ጊዜ እጅግ ውድ ነበር። ስለዚህ ቢትዘር፣ ባልደረባው ጂን ስሎቶው እና ተማሪያቸው ሮበርት ዊልሰን በ1964 አንዴ የበራ ነጥብ በርቶ የሚቆይበት ስክሪን ሠሩ። ስክሪኑ ራሱ ማስታወሻ ሆነ። ፕላዝማ ማለት ያ ነው።

በ1972 የወጣው የፕሌቶ ሞዴል ብርቱካናማ ብርሃን የሚሰጥ፣ በጣት የሚነካ ስክሪን ነበረው። የቁልፍ ሰሌዳው ላይ «ኔክስት» እና «ሄልፕ» የሚሉ ቁልፎች ተቀምጠዋል። ተማሪው ኔክስትን ካልተጫነ ትምህርቱ ንቅንቅ አይልም። ግራ ሲገባው ሄልፕን ይጫናል። እንግዲህ አስቡት። ኢሊኖይ ላይ ማሽኑ ተማሪውን ይጠብቅ ነበር። ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ በዚያው ዓይነት ስክሪን የተማረው የኢትዮጵያ ተማሪ ግን ስክሪኑን ሲያሯሯጥ ዋለ። ዕቃው አንድ ነው፣ ልዩነቱ ንድፉ ላይ ነው።

አማርኛ ራሱ እዚህ ላይ ይረዳናል። አስተማሪ እና አስጠኚ አንድ አይደሉም። አስተማሪው ያስተምራል። አስጠኚው ግን ያስጠናል፤ የሚያጠናው ልጁ ነው። አስጠኚ አጠገብህ ቁጭ ይላል፣ ደብተርህን ያያል፣ የት ላይ እንደተሳሳትክ ጣቱን ያስቀምጣል። የርቀት ማስጠናት ቴክኖሎጂ የሚባለውም ይህን «አጠገብ መቀመጥ» በፖስታ፣ በሬዲዮ፣ በስልክ ወይም በኢንተርኔት ለማድረስ የሚደረግ ሙከራ ነው። ቪዲዮ መላክ ቀላሉ ክፍል ነው።

ሙከራው የቆየ ነው። እንግሊዛዊው አይዛክ ፒትማን በ1840 አጭር ጽሕፈትን በፖስታ ያስተምር ነበር። ተማሪው ሠርቶ ይልካል፣ እርማቱ በፖስታ ይመለስለታል። በአውስትራሊያ በረሃ አሊስ ስፕሪንግስ ላይ በ1951 የአየር ትምህርት ቤት ተከፈተ። ከጎረቤት በመቶ ኪሎ ሜትሮች የሚርቁ ልጆች በሁለት አቅጣጫ በሚሠራ ሬዲዮ ከመምህራቸው ጋር ይነጋገሩ ነበር። ልብ በሉ፣ ልጁም ይናገራል። የብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በ1971 የመጀመሪያ ተማሪዎቹን ሲቀበል ሁሉም የሚያወራለት በቢቢሲ የሚተላለፈው ትምህርት ነበር። እያንዳንዱ ተማሪ ግን የጽሑፍ ሥራውን የሚያርምለት የራሱ አስጠኚ ተመድቦለታል። ለእኔ ያ ዩኒቨርሲቲ የቆመው በካሜራው ሳይሆን በእርማቱ ነው።

ዛሬ ብዙ ዩኒቨርሲቲ የሚጠቀምበት ሙድል የተባለው ሶፍትዌርም ከዚያ በረሃ ጋር ዝምድና አለው። በ2002 ያወጣው ማርቲን ዱጊያማስ ያደገው በምዕራብ አውስትራሊያ ገጠር ሲሆን፣ በልጅነቱ የተማረው በዚያው ዓይነት የአየር ትምህርት ቤት ነው። የሙድል የስልክ መተግበሪያ ትምህርቱን አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ማንበብ ያስችላል። ኔትወርክ በሌለበት ያደገ ሰው የጀመረው ሥራ ላይ ይህን ማየት ደስ ይላል።

አንድ ለአንድ ማስጠናት ይህን ያህል ለምን ይደከምለታል? በ1984 ቤንጃሚን ብሉም የተባለ አሜሪካዊ የትምህርት ተመራማሪ አንድ ጽሑፍ አወጣ። በአስጠኚ የተማረ መካከለኛ ተማሪ በተለመደው ክፍል ከሚማሩት 98 በመቶውን ይበልጣል አለ። ቁጥሩ ዓለምን አስደነቀ። በኋላ የተሠሩ ጥናቶች ያን ያህል ትልቅ ውጤት አላገኙም። በ2011 ከርት ቫንሌን የተባለ ተመራማሪ ብዙ ጥናቶችን ሰብስቦ ሲያነጻጽር፣ የሰው አስጠኚ ውጤት በተመራማሪዎቹ መለኪያ (0 ማለት ምንም ለውጥ የለም) 0.79 ሆነ፤ ብሉም ያለው 2 ነበር። የሚያስገርመው ግን ሌላው ቁጥር ነው። ተማሪው በሚሠራው እያንዳንዱ እርምጃ ላይ የሚያርም ኮምፒውተር 0.76 አገኘ። የመጨረሻውን መልስ ብቻ አይቶ «ትክክል»፣ «ስህተት» የሚለው ደግሞ 0.31 ብቻ።

ልዩነቱ እርምጃው ላይ ነው። የአብነት ተማሪ ይህን ለመረዳት ጥናት አያስፈልገውም። የኔታ ፊት ቆሞ ሲያነብ አንዲት ፊደል ቢስት እዚያው ይመለሳል። ምዕራፉ እስኪያልቅ የሚጠብቀው የለም።

ወደ 2004 እንመለስ። ፕላዝማ በጀመረበት በዚያው ዓመት ቦስተን የሚኖር ሳልማን ካን የሚባል ወጣት ኒው ኦርሊንስ ላለች የአጎት ልጅ ሒሳብ በስልክ ማስጠናት ያዘ። ሌሎች ዘመዶችም ተጨመሩ፣ ጊዜ አጠረው፣ ቪዲዮ ቀርጾ ዩቲዩብ ላይ መጫን ጀመረ። ልጆቹ ከእሱ ከራሱ ይልቅ ቪዲዮውን ወደድን አሉት። ምክንያታቸው ግልጽ ነው። ቪዲዮው ይቆማል፣ ይመለሳል። ሦስተኛ ጊዜ ለመስማት ማንንም ማስቸገር፣ ማንም ፊት ማፈር የለም። ካን አካዳሚ ያደገው ከዚህ ነው። እንደ ፕላዝማው ሁሉ ይህም በእንግሊዝኛ የተቀረጸ የሒሳብ ትምህርት ነው፤ ይህኛው ግን ማቆሚያ ቁልፍ አለው።

ቪዲዮ ሲቆም ግን ጥያቄ አይመልስም። ይህ በደንብ የታየው በ2020 ነው። በማርች አጋማሽ የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች በኮሮና ሲዘጉ ትምህርቱ ወደ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን እና ቴሌግራም ሄደ። ቴሌግራም የመጣው በቀላል ምክንያት ነው። ሰው ስልክ ላይ ስለነበረ ነው። በደካማ ኔትወርክ ይሠራል፣ ትልልቅ ፋይል ይቀበላል፣ ድምፅ መላክ ቀላል ነው። ተማሪው የደብተሩን ገጽ ፎቶ አንስቶ ይልካል፣ አስጠኚው ስህተቱን በቀይ ከቦ የአንድ ደቂቃ ቮይስ አስከትሎ ይመልሳል። ከፒትማን ፖስታ ብዙም አልራቀም። ስማርት ስልክ የሌለው ቤት ግን ከዚህም ውጭ ቀረ።

በዚያው ዓመት ቦትስዋና ላይ የተደረገው ሙከራ ለእኛ ሁኔታ የበለጠ የሚቀርብ ይመስለኛል። ወደ 4,500 የሚሆኑ ቤተሰቦች ተሳተፉ። አንዱ ቡድን በየሳምንቱ የሒሳብ ጥያቄ በኤስኤምኤስ ተላከለት። ሌላው ቡድን በኤስኤምኤሱ ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ የሚሆን የስልክ ጥሪ ተጨመረለት። ስማርት ስልክ የለ፣ ኢንተርኔት የለ። ኤስኤምኤስ ብቻውን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። የተደወለላቸው ልጆች ግን ተሻሻሉ። አካሄዱ ቆይቶ በኬንያ፣ በኡጋንዳ፣ በህንድ፣ በኔፓል እና በፊሊፒንስ ተሞክሯል። ተራ የቁልፍ ስልክ ይዞ መደመር እና መቀነስ ማስጠናት ይቻላል ማለት ነው። ማንም ሽልማት ላይሰጠው ይችላል፣ ግን ይሠራል።

ኢንተርኔት ጨርሶ ለሌለበት ደግሞ ኮሊብሪን የመሰሉ ሶፍትዌሮች አሉ። ቪዲዮው እና መልመጃው አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ይጫናል። ክፍሉ ውስጥ ያሉ ስልኮች እና ታብሌቶች ከእሷ ጋር በዋይፋይ ይገናኛሉ፤ ከውጭ ኔትወርክ አይፈለግም። መምህሩ ማን የት ላይ እንደቆመ በራሱ ስክሪን ያያል። ፕላዝማው ላይ የቀረው ይህ ነበር።

ሌላው ገበያ ውጭ አገር ያሉ ልጆች ናቸው። ዋሽንግተን ወይም አውሮፓ የተወለደ ልጅ አዲስ አበባ ካለ አስጠኚ ጋር በዙም አማርኛ ይማራል። እዚህ ላይ ንድፍ አውጪው ያላሰባቸው ጣጣዎች ይመጣሉ። የመጀመሪያው ሰዓት ነው። «ቅዳሜ 10 ሰዓት» የማን 10 ሰዓት ነው? የዋሽንግተኗ እናት ጠዋት ለማለት ፈልጋለች፤ አስጠኚው ከሰዓት በኋላ ነው የሰማው። በዚያ ላይ አሜሪካ በዓመት ሁለቴ ሰዓቷን ታዛውራለች። በበጋቸው የዋሽንግተን ጠዋት 10 ሰዓት ለአዲስ አበባ 11 ሰዓት ነው፣ በክረምታቸው 12 ሰዓት። ከእስራኤል ጋር ያለው ልዩነት በበጋ ምንም፣ በክረምት አንድ ሰዓት ነው። ሪያድ ያለ ቤተሰብ ግን ዓመቱን ሙሉ ተገላግሏል። የቀን አቆጣጠሩ ሌላ ራስ ምታት ነው። መስከረም 5 እና ሴፕቴምበር 5 ቢያንስ 10 ቀን ይራራቃሉ፤ ጳጉሜን ደግሞ አብዛኛው የቀጠሮ መተግበሪያ አያውቃትም። የዙም ነፃ ስብሰባ በ40 ደቂቃ ይቋረጣል። በአጋጣሚ ያ የእኛ ክፍለ ጊዜ ርዝመት ስለሆነ ይህኛው አልከፋም።

ድምፁም ቀላል አይደለም። መስመሩ ሲደክም «ጠ» እና «ተ»፣ «ቀ» እና «ከ» ይቀላቀላሉ። እንግሊዝኛ ለለመደ ጆሮ ደግሞ መጀመሪያውኑም ልዩነታቸው ከባድ ነው። ስለዚህ ብልህ አስጠኚ ቃሉን በቀጥታ ከማስጠራት ይልቅ በጥሩ ጥራት ቀድቶ ይልካል፣ ልጁም ቀድቶ ይመልሳል። ፊደሉ ከ1999 ጀምሮ ዩኒኮድ (የኮምፒውተሮች የጋራ የፊደል መዝገብ) ውስጥ ስላለ በአብዛኛው ስማርት ስልክ ይጻፋል። ግን ልጁ የሚተይበው በላቲን ፊደል ስለሆነ የ«ጸ»ን ቅርጽ በእጁ ሳያውቀው ሊያድግ ይችላል። ካሜራውን ወደ ደብተሩ ማዞር ይሻላል።

ከ2023 ወዲህ ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጥቷል። በዚያው ዓመት ካን አካዳሚ ያወጣው ካንሚጎ መልሱን ከመናገር ይልቅ «መጀመሪያ ምን ሞከርክ?» እያለ እንዲጠይቅ ተደርጎ ተሠራ። አስጠኚ እንዲሆን ማለት ነው። በአማርኛ ሲሆን ግን ገና ብዙ ይቀራል። እነዚህ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴሎች የተማሩበት የአማርኛ ጽሑፍ ጥቂት ነው። ፊደላችንንም ከእንግሊዝኛው በላይ ቆራርጠው ስለሚያነቡት ያው አንድ ጥያቄ በአማርኛ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የበለጠ ያስከፍላል፣ መልሱም ይዘገያል። ሒሳቡን በእንግሊዝኛ ሲጠየቅ እርምጃ በእርምጃ የሚያስኬደው ማሽን፣ ያንኑ በአማርኛ ስትጠይቀው አንዳንዴ አንድ እርምጃ ይዘላል። ልጁም ገና ደብተሩ ላይ እየጻፈ ነው።