"ፖርፊሪያ ካለባት ማደንዘዣ አትወስድም" ያላችሁ ማነው?

ድሬዳዋ ውስጥ ማደንዘዣ እሰጣለሁ። ፖርፊሪያ በየቀኑ የሚገጥመኝ በሽታ አይደለም። ሲገጥመኝ ግን ከበሽታው ይልቅ ወሬው ነው የሚያደክመኝ። በቅርቡ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሳይቀር "ታዲያ እንዴት ልታስተኛት ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። አቦ፣ እንደ ሰው ነዋ!

በሽታው ባጭሩ እንዲህ ነው። ሰውነት ሄም የሚባለውን የሄሞግሎቢን ክፍል ሲሠራ ከሚያስፈልጉት ኢንዛይሞች አንዱ ያንሰዋል። ጉበት ሥራውን ሲያፋጥን ያላለቀው ነገር ይጠራቀምና ነርቭ ይጎዳል። ከባድ የሆድ ሕመም ይመጣል፣ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ ግፊት ይጨምራል፣ ከባሰ እጅና እግር ይዝላል።

"ማደንዘዣ ሁሉ ክልክል ነው" የሚሉ አሉ። አይደለም። ዋናው ክልክል ታዮፔንታል የሚባለው የማስተኛ መርፌና ዘመዶቹ ናቸው፤ ሌላው የማስተኛ መርፌ ኢቶሚዴትም ይቅር። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1688 ከተጋቡ የደች ሰፋሪዎች የወረደ የፖርፊሪያ ዓይነት አለ፤ ታዮፔንታል ከተወጉት መካከል ሽባ የሆኑና የሞቱ ስለነበሩ ነው ነገሩ የገነነው። ያጠፋው አንዱ፣ ስሙ የጠፋው የሁሉም ሆነ። ለማስተኛት ፕሮፖፎል፣ ለሕመም ፈንታኒልና ሞርፊን፣ ልብ ሲዘገይ አትሮፒን፣ እነዚህን ያለ ሐሳብ እሰጣለሁ።

"የወገብ መርፌ ሽባ ያደርጋታል" ለሚሉትም፣ መርፌው ክልክል አይደለም። ከመውጋቴ በፊት ግን የእግሯን ጉልበት ፈትሼ እጽፋለሁ። በኋላ በሽታው ያመጣውን ድካም በእኔ መርፌ እንዳታላክኩብኝ።

ሽንት ጠቆረ ብሎ የሚደነግጥም አለ። ድሬ ላይ በግንቦት ውሃ ሳይጠጣ የዋለ ሰው ሁሉ ሽንቱ ይጠቁራል። የቲቢ መድኃኒቱን ሪፋምፒሲን የሚወስድም ብርቱካንማ ይሸናል። የፖርፊሪያ ሽንት ሲወጣ ደህና መስሎ፣ ብርሃን ላይ ሲቆይ ነው የወይን ጠጅ መልክ የሚያመጣው። ለምርመራ የሚወሰደውም ናሙና ከብርሃን መሸፈን አለበት።

አሁን ወደሚያበሳጨኝ ልምጣ። "ኦፕሬሽን ስላለባት ከማታ ጀምሮ ምንም አትቅመስ፣ ባዶ ሆድ በረዘመ ቁጥር ይሻላል።" ማን ነው ያለው? ለብዙ ሰው ጠንካራ ምግብ 6 ሰዓት፣ ውሃና ወተት የሌለው ሻይ ደግሞ 2 ሰዓት አስቀድሞ ማቆም ይበቃዋል። ፖርፊሪያ ላለባት ደግሞ ረሃብ ራሱ በሽታውን ይቀሰቅሳል። ጉበት ስኳር ሲያጣ ሄም መሥራት የሚጀምርበትን ኢንዛይም ያነሳሳዋል፤ ግሉኮስ ሲያገኝ ረገብ ይላል። ስለዚህ መድኃኒቱን እየፈራችሁ በረሃብ ታስነሱባታላችሁ።

አንዲት ሠላሳ አራት ዓመት የሆናት ሴት ትዝ ትለኛለች። ስዊድን ያለች እህቷን ልትጠይቅ ሄዳ ነው በሽታው የታወቀላት፤ እህትየውም አለባት። ከዚያ በፊት "ትርፍ አንጀት ነው" ተብላ ሆዷ ተከፍቷል፤ ትርፍ አንጀቷ ግን ደህና ነበር። አሁን የመጣችው ለሐሞት ጠጠር ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ አልበላችም፣ አልጠጣችም። ቀጠሮዋ ጠዋት 2 ሰዓት ነበር፤ አስቸኳይ ወሊድ ገባና ተራዋ ወደ 9 ሰዓት ተገፋ። ሃያ ሰዓት! በዚያ ሙቀት! ሻይ ስትለምን "አይቻልም" ተባለች። እኔ ስደርስ ሆዷን ይዛ ታለቅሳለች፣ የልብ ምቷ 120 አልፏል፣ "ፈርታ ነው" ይሉኛል። ገና አንድ ጠብታ ማደንዘዣ አልወሰደችም እኮ! ኦፕሬሽኑን አስቆምኩ፣ 10 በመቶ ግሉኮስ አስቀጠልኩ፣ ለሕመሙ ሞርፊን ሰጠናት። ግሉኮስ ግን የከፋ ሲሆን የሚሰጠውን ሄሚን የሚባል የበሽታውን መድኃኒት አይተካም፤ ዕድለኛ ሆና በዚያው ረገበላት። ከሁለት ሳምንት በኋላ የቀኑ የመጀመሪያ ተረኛ አድርገን፣ ግሉኮሱ እየሄደ፣ በፕሮፖፎልና በፈንታኒል አስተኛኋት። ምንም አልሆነችም።

እንግዲህ እንዲህ ዓይነት ሰው ቤታችሁ ካለ፣ ተራዋ መጀመሪያ እንዲሆን ጠይቁ። ሰዓቱ ሲገፋ ዝም አትበሉ፣ ግሉኮስ ይቀጠልላት በሉ። ጫት የሚቅምም ከሆነ አስቡበት፤ ጫት ምግብ ስለሚያስጠላ ሳይበላ አድሮ ነው የሚመጣው። የማይስማማውን መድኃኒት ስም የጻፈ ወረቀት ይያዝ። "አንድ መርፌ አይስማማኝም" ብቻ ብትሉኝ እኔ ምን ላድርግ? በተለይ የታዮፔንታል ዘመድ የሆነው የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ ፌኖባርቢታል ይጻፍ። ሕመሙ ሲነሳ እያንቀጠቀጠ የሚጥለው ሰው አለ፣ ሰው ለማዳን ብሎ ያንኑ ይወጋና እሳት ላይ ቤንዚን ያርከፈክፋል።

ለሴትየዋ ባል "ልጆቹን አስመርምር፣ እያንዳንዳቸው የመውረስ ዕድላቸው ግማሽ በግማሽ ነው" አልኩት። "ኧረ እነሱ ምንም የላቸውም" አለኝ። እሷም እስከ ሠላሳ ዓመቷ ምንም አልነበራትም።