የወጪ መጋራት ውል፦ ምን ያህሉ የተማሪው ነው?

ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ማራኪም ሆነ ጠዳ የገባ አዲስ ተማሪ የወጪ መጋራት ቅጽ ሲሰጠው ብዙ ጊዜ ሳያነብ ይፈርማል። ቅጹ ግን የዕዳ ውል ነው።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 91 ተማሪው የምግብና የመኝታውን ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ እንዲሸከም ደንግጎ ነበር። የቀረውን የሚከፍለው መንግሥት፣ ማለትም ግብር ከፋዩ ሕዝብ ነው። ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ያልደረሰ ገበሬም ስለሚከፍል ድርሻው ተገቢ ይመስለናል።

ክፍያው የሚጀምረው ከተመረቁ በኋላ ሥራ ሲያዝ ሲሆን አሠሪው ከደመወዝ ላይ ይቆርጣል። ለምሳሌ ዕዳው 24,000 ብር፣ የወር ተቆራጩ 800 ብር ከሆነ በ30 ወር ያልቃል።

ችግሩ የሚመጣው ዕዳው ሳይከፈል የማይሰጠውን ዋናውን የዲግሪ ወረቀት ለመውሰድ ሲኬድ ነው። አሠሪው ቆርጦ ለግብር ሰብሳቢው ገቢዎች መሥሪያ ቤት ካላስገባ ወይም በሌላ ሰው ስም ካስገባ፣ ዕዳው እንዳልተከፈለ ሆኖ ይታያል። የየዓመቱን ውል ቅጂ ያዙ። ደመወዝ የተቆረጠበትን ወረቀት አትጣሉ፤ ሥራ ስትቀይሩም እስከዚያ የተቆረጠውን የሚገልጽ ደብዳቤ ሳትቀበሉ አትውጡ። ድርጅቱ ከተዘጋ በኋላ ማስረጃ ማግኘት እጅግ ከባድ ነው።