ሳይካትሪ (የአእምሮ ሕክምና) የሚማሩ ሐኪሞች ጭንቀትን እንዴት ይችሉታል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ከአእምሮ ሕሙማን ጋር የሚውል ሐኪም ውሎ አድሮ እሱንም ይነካዋል።»

ኮተቤና ካራ አካባቢ ልጇ ሳይካትሪ የምትማር እናት ይህን ቡና ላይ ሳትሰማ አትቀርም። «እትዬ፣ ለልጅቷ ሌላ ትምህርት ጠፍቶ ነው?» ይሏታል። የአእምሮ ሕመም እንደ ጉንፋን አይተላለፍም። ሬዚደንቷን፣ ማለትም ስፔሻሊስት ለመሆን የምትሠለጥነዋን ሐኪም፣ የሚያደክማት ዲዩቲ (የሌሊት ተረኝነት) አድራ ጠዋት ራውንድ (ታካሚዎችን በየአልጋው መጎብኘት) መግባቷ፣ ከክፍለ ሀገር ታካሚ ይዞ የመጣን ቤተሰብ «አልጋ የለም» ብላ መመለሷ፣ ሲብስም ስትከታተለው የነበረ ሰው ራሱን ማጥፋቱን መስማቷ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ በሥራ ጫና የሚመጣን መዛል ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት እንጂ ሕመም አላለውም። ስለዚህ መጀመሪያ መታየት ያለበት የዲዩቲ ፕሮግራሙ ነው፤ የልጅቷ ጥንካሬ አይደለም።

«ራሱን የሚከላከል አእምሮ ደካማ ነው።»

ሁላችንም ራሳችንን ከከባድ ስሜት እንከላከላለን። ብዙ ሰው ግን ሁለት ነገር ያቀላቅላል። ከዲዩቲ መልስ በእግር መንሸራሸር፣ ከባልደረባ ጋር መማከር፣ መጸለይ አስበንበት የምናደርጋቸው መቋቋሚያዎች ናቸው። የሥነ ልቦና መከላከያ ግን በአብዛኛው ሳናውቀው ይሠራል፤ የሥነ ልቦና ተንታኟ አና ፍሮይድ (የሲግመንድ ፍሮይድ ልጅ) እ.ኤ.አ. በ1936 ዘርዝራ የጻፈችው ስለዚህኛው ነው። አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ጆርጅ ቫይላንት ደግሞ መከላከያዎችን በብስለታቸው ደረጃ አስቀመጣቸው፦ እውነታን ፈጽሞ መካድ ከታች፤ ቀልድ፣ ለሌላው መድረስ፣ ንዴትን ወደ ጠቃሚ ሥራ መለወጥ ከላይ።

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ገፈርሳ ያለውን የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ አስቡ። እዚያ የተመደበ ሬዚደንት ጠያቂ የሌለው፣ ብዙ የቆየ ታካሚ ገጠመው እንበል። ታካሚው በየጠዋቱ «ዶክተር፣ ቤቴ መቼ ነው የምሄደው?» ይለዋል። የሚወስደው ዘመድ የለም። ሬዚደንቱ ካርዱን ገልጦ ስለ መድኃኒቱ መጠን ያስረዳዋል። የተናገረው ሁሉ ልክ ነው፤ የተጠየቀውን ግን አልመለሰም። ሐዘኑን በእውቀት ሸፈነው። ይህ መከላከያ ሬዚደንቱን ለዚያች ጠዋት ያሻግረዋል። ልማድ ሲሆን ግን ታካሚው መጠየቁን ይተዋል፤ ካርዱ ላይም «ተረጋግቷል» ተብሎ ይጻፋል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይኼ ነው፤ ሐኪሙ ሳያውቅ የሸሸውን ሐዘን ታካሚው ብቻውን ይሸከመዋል። ራውንድ ላይ ሲኒየር (የበላይ ሐኪም) ሲቆጣው ዝም ብሎ፣ በኋላ ነርሷ ወይም አስታማሚው ላይ የሚጮኸውም ከዚህ አይርቅም።

«ጥሩ ሐኪም ስሜቱን ውጭ ጥሎ ይገባል።»

ታካሚ ፊት እንባን ይዞ ማታ ለጓደኛ መንገር ብስለት ነው። ምንም አልተሰማኝም ብሎ ራስን ማሳመን ሌላ ነው። ደግሞም አንድ ታካሚ የሚያሳድርብን መሰላቸት ወይም ንዴት ስለ ሕመሙ የሚጠቁመን ነገር ሊኖር ይችላል። ከሲኒየር ጋር በግልጽ ከተወራበት ሕክምናውን ያግዛል።

«ዲዩቲ ክፍል የሚሳሳቁ ሬዚደንቶች ሕሙማንን ይንቃሉ።»

ሁልጊዜ አይደለም። በራስ ድካም መሳቅ ሸክም ያቀላል። የታካሚን አነጋገር እያስመሰሉ መሳቅ ግን ነውር ነው፤ ድካምም ምክንያት አይሆነውም።

«ጫት ለዲዩቲ ያበረታል።»

ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ አነቃቂ ነው። ሌሊቱን ያነቃል፤ የማግስቱን እንቅልፍ ይወስዳል፤ ሲወጣም ድብርትና ቁጣ ይከተለዋል።

«የአእምሮ ሐኪም ራሱን ያክማል።»

መከላከያው ሳይታወቅ የሚሠራ ከሆነ ባለቤቱ በምን ያየዋል? እዚህ አገር ችግሩ ይከብዳል። የሳይካትሪ ስፔሻሊቲ ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ባለሙያው ዛሬም ጥቂት ስለሆነ ሬዚደንቱ ሊያማክረው የሚችለው ሰው ፈታኙ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ይደብቃል። ማሠልጠኛዎች ውጤት ከማይሰጥና ምስጢር ከሚጠብቅ ባለሙያ ጋር ቋሚ ቀጠሮ ሊያመቻቹላቸው ይገባል፤ ያውም በሥራ ሰዓት። «ስትወጡ በራሳችሁ ጊዜ» ከተባለ የሚመጣ የለም፤ ኮተቤ ካለው ሆስፒታል ዲዩቲ አድሮ የወጣ ሰው የሚያስበው ወደ መገናኛ የሚሄድ ታክሲ ስለማግኘት ነው።