የኦዲዮ ዩኤስቢ ካርድ በውጭ ሳጥን ከላፕቶፕ ጋር ማገናኘት ምንድን ነው?

የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ሽፋን ሲከፈት ማዘርቦርዱ ላይ ፒሲአይ ኤክስፕረስ የሚባሉ የካርድ መሰኪያዎች ይታያሉ። ለድምፅ ጥራት ለሚጨነቁ ሰዎች ተብለው የሚሠሩት ዩኤስቢ ካርዶች የሚገቡት እዚያ ነው። ኤስኦቲኤም፣ ጄካት እና ማትሪክስ ከታወቁት አምራቾች መካከል ናቸው። ካርዱ የሚሠራው ሥራ የዩኤስቢ ቀዳዳ መስጠት ነው፤ በዚህ ከማንኛውም ዩኤስቢ ካርድ አይለይም። የሚለየው የኃይል አቅርቦቱ ይበልጥ የተጣራ፣ ኦሲሌተሩ (የጊዜ ምቱን የሚሰጠው ክፍል) የተሻለ መሆኑና ብዙ ጊዜ ከውጭ ኃይል የሚቀበልበት ቀዳዳ ያለው መሆኑ ነው።

ላፕቶፕ እንዲህ ያለ መሰኪያ የለውም። ስለዚህ አንድ የፒሲአይ መሰኪያ የያዘ ሳጥን ይገዛና በተንደርቦልት (የፒሲአይ መረጃን በገመድ ማስተላለፍ በሚችል ፈጣን ማገናኛ) ገመድ ከላፕቶፑ ጋር ይያያዛል። የሶኔት ኢኮ ኤክስፕረስ ኤስኢ 1 እና የኦደብልዩሲ ሜርኩሪ ሄሊዮስ 3ኤስ የዚህ ዓይነት ናቸው። ላፕቶፑ ካርዱን የሚያየው ውስጡ እንደተሰካ አድርጎ ነው፤ ዳኩ፣ ማለትም ዲጂታል ሙዚቃውን ወደ አናሎግ ድምፅ የሚቀይረው መሣሪያ፣ ደግሞ ከካርዱ ላይ ይሰካል።

ፍጥነት እዚህ ጉዳይ አይደለም። ባለ 24 ቢት፣ 192 ኪሎኸርዝ ስቴሪዮ ሙዚቃ በሰከንድ 9.2 ሜጋቢት ገደማ ብቻ ይፈልጋል፤ ዩኤስቢ 2.0 በስሌት 480 ሜጋቢት ያስተላልፋል። ስለ ካርዱ ኦሲሌተር የሚነገረውም ብዙውን ጊዜ የተጋነነ ነው። አሲንክሮነስ በሆነ ዳክ ውስጥ ጊዜ ጠባቂው የዳኩ የራሱ ኦሲሌተር ነው፤ ኮምፒውተሩ ዳኩ በጠየቀው መጠን ይልካል እንጂ ፍጥነቱን አይወስንም። የሚቀረው ዋና ጉዳይ ከኮምፒውተሩ ወደ ዳኩ በዩኤስቢ ገመዱ በኩል የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ጫጫታ ነው፣ እሱም በ5 ቮልቱ እና በግራውንዱ መስመር ይመጣል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። የፒሲአይ ኤክስፕረስ መሰኪያ 12 ቮልት እና 3.3 ቮልት ይሰጣል እንጂ 5 ቮልት የለውም። ካርዱ ለዳኩ 5 ቮልት ለመስጠት ወይ ከ12ቱ ራሱ ቀይሮ ማውጣት፣ ወይ በኮምፒውተር ውስጥ ካሉት ከሞሌክስ ወይም ከሳታ የኃይል ገመዶች መቀበል፣ ወይ ከውጭ ፓወር ሰፕላይ መውሰድ አለበት። ዴስክቶፕ ውስጥ ሞሌክስ ሞልቷል፤ በትንንሽ የተንደርቦልት ሳጥኖች ውስጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም። ካርዱ በሞሌክስ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ሲስተሙ ካርዱን ያውቀዋል፣ ዳኩ ግን አይነሳም። በ12 ቮልቱ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ኃይሉ የሚመጣው ከሳጥኑ አዳፕተር ነው። ያ አዳፕተር በአብዛኛው እንደ ላፕቶፑ ቻርጀር ኃይሉን በከፍተኛ ፍጥነት የሚቆራርጥ ስለሆነ የሸሹት ጫጫታ በሌላ በር ተመልሶ ገባ ማለት ነው።

ስለዚህ ከውጭ ኃይል የማይቀበል ካርድ በሳጥን ውስጥ ማስገባት ወጪውን አያወጣም። የሚቀበል ከሆነ ሊኒየር ፓወር ሰፕላይ (ኃይሉን ሳይቆራርጥ የሚሰጥ፣ ጫጫታው ያነሰ) ይያያዛል፤ ከዚያ በፊት ግን የሚፈልገውን ቮልት እና የፖላሪቲውን (የፕላስና የማይነሱን) አቅጣጫ ከመመሪያው ማረጋገጥ ግድ ነው። አንዳንዱ 5 ቮልት ብቻ ይቀበላል፣ አንዳንዱ ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ ተሳስቶ የተሰካ ኃይል ካርዱንም ዳኩንም ሊያቃጥል ይችላል። የኃይሉን ምንጭ በጃምፐር (በትንሽ ተነቃይ ማገናኛ) ወይም በማብሪያ የሚያስመርጥ ካርድም አለ። ዳኩ ከመሰካቱ በፊት በመልቲሜትር ሲለካ ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት መገኘት አለበት። የራሱ ኃይል ያለው ዳክ ከዚህ ሁሉ የሚያገኘው ጥቅም ትንሽ ነው። ቢሆንም 5 ቮልቱን ጨርሶ መቁረጥ አይመከርም፤ ብዙዎቹ ገመድ መሰካቱን የሚያውቁት በእሱ ስለሆነ ድምፃቸው ይጠፋል።

ከግዢ በፊት የላፕቶፑ ቀዳዳ በእርግጥ ተንደርቦልት መሆኑ ይታይ። ቅርጹ ዩኤስቢ ሲ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ አጠገቡ የመብረቅ ምልክት መኖሩን ማየትና የሞዴሉን ዝርዝር ማንበብ ይሻላል። ዩኤስቢ 4 የሚል ላፕቶፕም ፒሲአይ ማስተላለፉ ግዴታ አይደለም። ካርዱ በርዝመትም በቁመትም ሳጥኑ ውስጥ መግባቱን ለኩ። ለግራፊክስ ካርድ የተሠራ ትልቅ ሳጥን ይሠራል፣ ግን ፋኑ ሙዚቃ በሚሰማበት ክፍል ውስጥ ይረብሻል።

አሰካኩ ቀላል ነው። ሳጥኑ ከኃይል ተነቅሎ ካርዱ ይገባና በብሎን ይታሰራል፣ የውጭ ኃይሉ ይያያዛል፣ ሳጥኑ ይበራል፣ ከዚያ ተንደርቦልት ገመዱ። ዊንዶውስ ፈቃድ ከጠየቀ ሁልጊዜ እንዲገናኝ ይፈቀድለት። ምንም ካልታየ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የቅንብር ገጽ) ውስጥ የተንደርቦልት ደኅንነት ደረጃ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ማክ ላይ ደግሞ የካርዱ ቺፕ ድራይቨር መኖሩ ከአምራቹ ይጣራ።

ድምፁ እየተቆራረጠ ጠቅ ጠቅ ካለ መጀመሪያ የሚነካው የኃይል ቁጠባ ነው፤ በዊንዶውስ የኃይል አማራጮች ውስጥ የዩኤስቢ ማሳረፊያውን እና የፒሲአይ ሊንክ ቁጠባውን ማጥፋት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ሙዚቃ እየተጫወተ ተንደርቦልት ገመዱን መንቀል ዳኩን ብቻ ሳይሆን አንዳንዴ ሲስተሙንም ያቆመዋል።

እም የሚል የማያቋርጥ ድምፅ ከመጣ ግን ጉዳዩ ብዙ ጊዜ የግራውንድ ዙር ነው፤ ማለትም መሣሪያዎቹ ከአንድ በላይ በሆነ የግራውንድ መስመር ተያይዘው ጅረት በመካከላቸው ሲዞር ነው። ሳጥኑ ሁለተኛ አዳፕተር ስላመጣ ይህ ከበፊቱ ይልቅ ሊብስ ይችላል። አዲስ አበባ ወይም አውሮፓ ውስጥ ድምፁ 50 ኸርዝ እና ብዜቶቹ ነው፣ አሜሪካ ውስጥ 60። ላፕቶፑን በባትሪ ብቻ ማሠራት ቻርጀሩ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን ያሳያል። ሁሉንም ከአንድ ማከፋፈያ መሰካት ካልፈታው የዩኤስቢ አይሶሌተር (መረጃውን እያሳለፈ የኤሌክትሪክ ግንኙነቱን የሚለይ ዕቃ) ይገባል፤ ብዙዎቹ ርካሾች በሰከንድ 12 ሜጋቢት ብቻ ስለሚያሳልፉ፣ ከዚያም ለድምፅ የሚቀረው ያነሰ ስለሆነ ከ24 ቢት፣ 96 ኪሎኸርዝ በላይ አይሄዱም፣ ስለዚህ 480 የሚያሳልፈውን መጠየቅ ነው።