የቡናችን እናት ማን ናት? የክሎሮፕላስት ዲኤንኤ ከጅማ ሲታይ

ጅማ ውስጥ ቡና ለማየት ሩቅ አይኬድም። ጓሮ አለ፣ አጥር ሥር አለ። አንድ ቅጠል ቀጥፋችሁ ወደ ፀሐይ አንሱት። ፊቱ ጠቆር ብሎ ያብለጨልጫል፤ ጀርባው ገርጣ ይላል። አረንጓዴው ቀለም የሚመጣው በየህዋሱ ውስጥ ካሉ፣ በዓይን ከማይታዩ ጥቃቅን አካላት ነው። ክሎሮፕላስት ይባላሉ። በፀሐይ ብርሃን ጉልበት ከውሃና ከአየር ስኳር የሚሠሩት እነሱ ናቸው። ከዚህም በላይ የራሳቸው ዲኤንኤ፣ ማለትም የዘር መመሪያ የተጻፈበት ሞለኪውል አላቸው፤ በህዋሱ እምብርት፣ በኒውክለሱ ውስጥ ካለው የተለየ።

ለምን የራሳቸው ኖራቸው? ድሮ ለብቻቸው ይኖሩ ስለነበር ነው። ከአንድ ቢሊዮን ዓመት በላይ ወደኋላ፣ አንድ ህዋስ ሳይኖባክቴሪያ የሚባል ብርሃን የሚጠቀም ባክቴሪያ ዋጠ። አልፈጨውም። እንግዳው እዚያው ቀረ፣ ውሎ አድሮም ቤተኛ ሆነ። ይህን ሐሳብ ሩሲያዊው ኮንስታንቲን ሜሬሽኮቭስኪ በ1905 ጽፎት ነበር (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ብዙም ሰሚ አላገኘም። በ1962 ክሎሮፕላስት ውስጥ ዲኤንኤ እንዳለ በማይክሮስኮፕ ታየ። በ1967 ደግሞ አሜሪካዊቷ ሊን ማርጉሊስ ሐሳቡን በአዲስ ጉልበት አነሳችው። ዛሬ የማያከራክር እውቀት ነው።

እንግዳው ቤተኛ ሲሆን አብዛኛውን ጂኑን፣ ማለትም መመሪያ የያዙትን የዲኤንኤ ክፍሎች፣ ለኒውክለሱ አስረከበ። ነፃ ሆነው የሚኖሩ ሳይኖባክቴሪያዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ጂኖች አሏቸው። ለቡናው ክሎሮፕላስት የቀሩት 112 የተለያዩ ጂኖች ብቻ ናቸው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር፤ ግልገል ጊቤ አካባቢ የኖረ ሰው ወባን ያውቃል። የወባ ተውሳክ ውስጥም ከአልጌ የተወረሰ የክሎሮፕላስት ቅሪት አለ። ብርሃን መጠቀም ካቆመ ቆይቷል፣ ዲኤንኤው ግን አሁንም አለ። ዶክሲሳይክሊን የተባለው የባክቴሪያ መድኃኒት ወባን የሚያጠቃው በዚሁ ቅሪት በኩል ነው። የባክቴሪያ መድኃኒት ወባ ላይ የሚሠራበት ምክንያት ይኸው የጥንት ዝምድና ነው።

የክሎሮፕላስት ዲኤንኤ ሙሉ በሙሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነበበው በ1986 ነው። የጃፓን ተመራማሪዎች በአንድ ዓመት ውስጥ የትንባሆንና የአንዲት ትንሽ የእርጥብ ቦታ ተክልን አነበቡ። የእኛ ቡና፣ የአረቢካ፣ ተራ በ2007 ደረሰ። ርዝመቱ 155,189 ፊደል ነው፤ ፊደል የምንለው ዲኤንኤ የተገነባባቸውን ኬሚካላዊ አሃዶች ነው። ብዙ ጊዜ እንደ ቀለበት ክብ ተደርጎ ይሳላል። ቀለበቱ ላይ 25,943 ፊደል ያለው አንድ ክፍል ሁለት ጊዜ ይገኛል፤ አንዱ የሌላው ግልባጭ ሆኖ ተገልብጦ ተቀምጧል።

ይህ ግልባጭ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ግን ወደ ሽሮአችን እንሂድ። ባቄላ፣ አተር፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ጓያ፣ አብሽም ሳይቀር፣ ግልባጩ የላቸውም። አንደኛው ቅጂ ጠፍቷል። የጠፋው በየዝርያው ለየብቻ አይደለም፤ የሁሉም አያት ከሆነ ከአንድ ጥንታዊ ተክል ላይ ነው። ልጆቹ ጉድለቱን ወረሱ። ቦሎቄና አኩሪ አተር ግን ሁለቱንም ቅጂ ይዘዋል። ስለዚህ አኩሪ አተር ስሙ አተር ቢሆንም በዘሩ ለቦሎቄ ይቀርባል። ጎተራችን ውስጥ ያለውን የቤተሰብ ታሪክ በአንድ የጎደለ ቁራጭ ማንበብ መቻሉ እኔን ሁሌም ያስደስተኛል።

የክሎሮፕላስት ዲኤንኤ ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚመቸው ቀስ ብሎ ስለሚለወጥ ነው። በአንድ ህዋስ ውስጥም ብዙ ቅጂ ስላለው ከደረቀ ቅጠል እንኳ ሊገኝ ይችላል። በ1993 ማርክ ቼዝና ባልደረቦቹ አርቢሲኤል የተባለውን አንድ የክሎሮፕላስት ጂን ከ499 ዝርያዎች አነጻጽረው ትልቅ የተክሎች የዘር ሐረግ አወጡ። በመልክ የተሠራው የድሮ ምደባ ብዙ ቦታ ፈረሰ። ውሃ ላይ የሚያብበው ሎተስ ዘመዱ ሌላው የውሃ አበባ ሳይሆን፣ ቡና እርሻችን ውስጥ ለጥላ የምንተክለው የግራቪሊያ ወገን ሆኖ ተገኘ።

አሁን ወደ ቡናችን እንመለስ። አበባ ባላቸው አብዛኞቹ ተክሎች ክሎሮፕላስት የሚወረሰው ከእናት ብቻ ነው። የአበባው ብናኝ፣ ማለትም አባትየው፣ አያስተላልፈውም። አረቢካ 44 ክሮሞዞም (በኒውክለሱ ውስጥ ዲኤንኤው የተጠቀለለባቸው ክሮች) አላት፤ ሌሎቹ የቡና ዝርያዎች 22። የሁለት ዝርያዎች ድቅል ስለሆነች ነው። አንደኛው ሮቡስታ የምንለው ነው። ሌላኛዋ ዩጂኒዮይድስ ትባላለች፤ በምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ጫካዎች የምትበቅል፣ ካፌይኗ ትንሽ የሆነ ቡና። ታዲያ እናት የትኛዋ ናት? የአረቢካ ክሎሮፕላስት ከዩጂኒዮይድስ ጋር ተመሳሰለ። እናት እሷ ናት፤ ሮቡስታ አባት ነው። ድቅሉ መቼ እንደተወለደ ግምቱ ይለያያል። በ2024 የወጣ ጥናት ወደ 610,000 ዓመት ገደማ ወስዶታል።

ይህ መሣሪያ ግን ገደብ አለው። የእናትን መስመር ብቻ ነው የሚነግረን። በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገባ፤ ባለሙያዎቹ ሲቢዲ ይሉታል። አረንጓዴውን ፍሬ ዛፉ ላይ እንዳለ ያጠቁረዋል። ያኔ መልኮ ያለው የጅማ ምርምር ማዕከል ከየጫካውና ከየማሳው በሽታውን የቻሉ ዛፎችን መረጠ። ዛሬ ገበሬው በቁጥር የሚጠራቸው 74110 እና 74112 የዚያ ሥራ ውጤት ናቸው፤ 74 የተመረጡበት ዓመት ነው። የአረቢካ ክሎሮፕላስት ከዛፍ ዛፍ እጅግ ጥቂት ነው የሚለያየው። እነዚህን ሁለቱን ለመለየት፣ በሽታውን የቻሉበትንም ጂን ለመፈለግ፣ የኒውክለሱን ዲኤንኤ ማንበብ ያስፈልጋል።